የተራ ዕዳ

ሰው ሁሉ በተወቀሰ ጊዜ ፈጥኖ የሚያነሣው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ተገድጄ ነው» የሚለው ነው። በዳኛ ፊት የቆመው ተከሳሽ፣ አደራ የበላው ባለአደራ፣ ቃሉን ያጠፈው ወዳጅ፣ ሹመቱን ላለማጣት እውነትን የሸሸገው ሹም፣ ሁሉም «ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ባደርገውም ጥፋት፣ ባላደርገውም ጥፋት ሆነብኝ» ይላሉ። ሰሚውም ነገሩን መርምሮ በእውነት መውጫ እንዳልነበራቸው ባየ ጊዜ ልቡ ይራራል፤ አንደበቱም ከወቀሳ ይታቀባል። መንገድ ላልቀረው ሰው «መንገድ ስተሃል» ማለት ተገቢ አይመስልምና። እንግዲህ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ምርጫው ሁሉ ክፉ በሆነበት ሰዓት ከክፉዎች አንዱን የመረጠ ሰው በደለኛ ነውን? ወይስ ግዴታው በደሉን ይሽርለታል?

ይህን ጥያቄ በትልቅ ጉዳይ ላይ የሚመረምር ሰው ቍጣና ርኅራኄ ዓይኑን ይጋርዱታል። የተበደለው ሲያለቅስ እያዩ፣ የበደለውም ሲምል እየሰሙ ነገርን በልኩ መመዘን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ደም ያልፈሰሰበት፣ ርስትም ያልተነጠቀበት፣ እርምጃው ሁሉ አንድ በአንድ ተጽፎ የቀረለት ጉዳይ ቢገኝ ለምርመራው ይመቻል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሰንጠረዥ ጨዋታ ይሰጣል። በዚያ ገበታ ላይ የተደረገው ሁሉ ከመዝገብ ይገኛል፤ ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት የተጫወቱት ሰዎች እጅ የት እንደ ተዘረጋ፣ የት እንደ ታጠፈ፣ ዛሬም እንደ ትናንት ይታያል።

ሰንጠረዥ መነሻው ከሕንድ አገር ነው። በዚያ በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ በአራት ክፍል የተመደበ ሠራዊት፣ ማለት እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ሠረገላና ዝሆን፣ በገበታ ላይ የሚዋጋበት ጨዋታ ነበረ። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብም ወደ አውሮጳ ተሻገረ። በመንገዱም ጠጠሮቹ ስማቸውን ለወጡ፤ የሕንዱ ዝሆን በዐረብ ፊል ተባለ፤ እንግሊዞች ጳጳስ፣ ጀርመኖች ደግሞ ሯጭ አሉት። ከንጉሡ አጠገብ ቆሞ አንዲት ቤት ብቻ ይራመድ የነበረው አማካሪም በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአውሮጳ ንግሥት ሆነና ከሁሉ የበረታ ኃይል ተሰጠው።

ጨዋታው ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ በመኳንንት አዳራሽ ሲጫወቱት ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረጅ አይቶ በመጽሐፉ ጽፏል። በኢትዮጵያው ሰንጠረጅ ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱና መደቁ የጥንቱን አረማመድ ጠብቀው ቆይተዋል። ነገር ግን ከሌላው አገር ሁሉ የሚለይበት አንድ ሥርዓት አለው፤ ይኸውም ወረራ የተባለው ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፈቃዳቸውና እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል። ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር በበላ ጊዜ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ በተራው፣ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ይራመዳል።

የአውሮጳው ሥርዓት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ የታሰረ ነው። ተራው የደረሰው ሰው መራመድ ግዴታው ነው። «የዛሬን ልለፍ፤ ሠራዊቴ ባለበት ይቈይ» ማለት አይፈቀድለትም። ይህ ሕግ ለብዙው ጨዋታ እንደ ጸጋ ይቈጠራል፤ ተራ ማግኘት ማለት ዕድል ማግኘት ነውና። አንዳንድ ጊዜ ግን ተራ ጸጋነቷ ቀርቶ ዕዳ ትሆናለች፤ ባለተራው ባለበት ቢቆም ምንም የማይደርስበት፣ አንዲት ጠጠር ቢያንቀሳቅስ ግን የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ይህን ጀርመኖች ዙግዝዋንግ ይሉታል፤ የመራመድ ግዴታ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ጨዋታው ሊፈጸም ሲል፣ ገበታው በተራቈተ ሰዓት፣ ንጉሥና ጥቂት እግረኞች ብቻ ሲቀሩ ነው። ሠራዊቱ ሙሉ የሆነ ሰው በዚህ ዕዳ ሲያዝ ማየት እጅግ ብርቅ ነገር ነው።

ይህ ብርቅ ነገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1923 ዓመት በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ታየ። ነጩን ሠራዊት የመራው ፍሪድሪኽ ዜሚሽ በ1896 የተወለደ ጀርመናዊ ነበረ። ጥቁሩን የመራው አሮን ኒምዞቪች ደግሞ በ1886 በሪጋ ከተማ ተወልዶ በኋላ በዴንማርክ የኖረና በ1935 በዚያው በኮፐንሃገን የሞተ ሰው ነው። ሁለቱም በዘመናቸው የታወቁ ሊቃውንት ነበሩ። ስማቸው እስከ ዛሬ በአንድነት ይጠራል፤ በኒምዞቪች ስም ከሚጠራው የጨዋታ አከፋፈት ቅርንጫፎች አንዱ የዜሚሽ ይባላልና። እንግዲህ የተሸነፈው ሰው አላዋቂ እንዳልነበረ አስቀድሞ ልብ ይሏል፤ አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ከውድቀቱ የሚገኘው ትምህርት ጥቂት በሆነ ነበር።

ኒምዞቪች በ1925 «የእኔ ሥርዓት» በተባለው መጽሐፉ ያስተማረው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። ተጫዋች ሁልጊዜ «እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ባልንጀራዬ ምን ሊያደርግ ይፈልጋል?» ብሎም መጠየቅ አለበት። የባልንጀራውን አሳብ ገና በፍሬው ሳይሆን በአበባው ጊዜ መከልከል፣ የጠላትን እግረኛ ከፊቱ ቆሞ ማገድ፣ የራስን ብርቱ ቦታ ከሚያስፈልገው በላይ ማጽናት፣ ይህ ሁሉ ከመምታት ይቀድማል። በዚህ ትምህርት ድል ማለት ሰይፍ መምዘዝ ሳይሆን ቦታ መያዝ ነው።

የዚያ ቀን ጨዋታ ሲጀመር ሁለቱም በጸጥታ ተሰለፉ። የሁለቱም መካከለኛ እግረኞች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆሙና የገበታው መካከል ተዘጋ። ነጩ ፈረሱን ወደ ጠላት ወገን አስገባ፤ በፈረስም ተለወጠ። በቀኝ በኩል ፊሉን አወጣ፤ በግራ በኩል ንግሥቱን በ12ኛው እርምጃ ወደ ፊት አስቀመጠ። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ነጩ የሚገሠግሥ፣ ጥቁሩ የሚያፈገፍግ ይመስል ነበር። ጥቁሩ ግን በግራው ዳር ሁለት እግረኞችን ቀስ ብሎ ከፍ ከማድረግ በቀር የተለየ ነገር አላሳየም።

በ14ኛው እርምጃ ነጩ ከንጉሡ ፊት ያለውን የዳር እግረኛ አንዲት ቤት ገፋ፤ በ15ኛው ንጉሡን ወደዚያው ዳር አንዲት ቤት አዛወረ። ይህን በማድረጉ የተጎዳ ነገር አልነበረም፤ ያተረፈውም ነገር ግን ብዙ አልነበረም። ሁለት ተራ በእጁ ነበረ፤ ሁለቱንም ለዚህ ሰጠ። ጥቁሩ በነዚያ ተራዎች ንግሥቱን አዘጋጀ፤ ፈረሱንም ወደ ቀኝ ዳር አውጥቶ የነጩን ፊል ከቦታው አስነሣ። ፊሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጥቁሩ እግረኛ ወደ ፊት ሲወጣ የነጩ ንግሥት በ17ኛው እርምጃ ወደ መነሻ ቤቷ ተመለሰች። ወዲያው ሌላው ጥቁር እግረኛ በግራ በኩል ተገፍቶ የነጩን ፈረስ አባረረውና ፈረሱም በ18ኛው እርምጃ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ወደ ቆመበት ቤት ገባ። ንግሥቲቱ ሄዳ ተመለሰች፤ ፈረሱ ሄዶ ተመለሰ፤ አራት ተራ በመንገድ ቀረ።

እዚህ ላይ ማንም ሰው ነጩን «ተሸንፈሃል» ሊለው አይችልም ነበር። ሠራዊቱ ሙሉ ነው፤ ንጉሡም በሰላም ተቀምጧል። ነገር ግን በ19ኛው እርምጃ ነጩ ግንቡን ወስዶ ከንጉሡ አጠገብ አቆመው። እንግዲህ የንጉሡን ዙሪያ ቢያዩት በአንድ ወገን ግንቡ፣ በሌላው ፊሉ፣ በፊት እግረኞቹ ቆመዋል፤ ሁሉም የራሱ ናቸው። የራሱ ሠራዊት ቅጥር ሆነለት፤ ቅጥር ደግሞ ጠላት እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ ባለቤቱ እንዳይወጣም ይከለክላል።

በ20ኛው እርምጃ ፈተናው መጣ። የጥቁሩ ፈረስ በዳር ላይ ጠባቂ ሳይኖረው ቆሞ ነበር። ነጩ በንግሥቱ ፊት ያለውን እግረኛ ሁለት ቤት ቢገፋ ለንግሥቱ መንገድ ይከፈትና ፈረሱ ይያዛል። ጥቁሩ ይህን አይቶ ነበር፤ አይቶም ተወው። ነጩ እግረኛውን ገፋ፤ ጥቁሩ እግረኛውን በላ፤ ነጩም በ21ኛው እርምጃ ፈረሱን በላ። ጥቁሩ ግን ፈረሱ ሲወሰድ ዘወር ብሎ አላየም፤ ግንቡን በተከፈተው መንገድ አውርዶ በነጩ ሠራዊት ውስጥ፣ ከንጉሡ አጠገብ ያለውን እግረኛ በልቶ ተቀመጠ። ፈረስ ሰጥቶ ሁለት እግረኛና አንድ መንገድ ተቀበለ። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ቢቈጥረው ያተረፈው ነጩ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጥቁሩ ሁለተኛውን ግንብ ከመጀመሪያው ኋላ አሰለፈ፤ የነጩን ንግሥት ከቤት ወደ ቤት አሳደደ፤ ፊሉንም በነጩ ግዛት መካከል፣ በእግረኛ በተጠበቀ ቤት ላይ ተከለው። ነጩ ንግሥቲቱ እንዳትያዝበት ግንቡን አምጥቶ አጠገቧ አቆመ። ይህ የነጩ 25ኛ እርምጃ ነበር። ያን ጊዜ ጥቁሩ እጁን ዘርግቶ በቀኙ ዳር ያለችውን አንዲት እግረኛ አንዲት ቤት ብቻ ገፋ። አልመታም፤ አላስፈራራም፤ አልበላም። ተራውን ለነጩ አሳልፎ ሰጠ እንጂ ሌላ ያደረገው የለም። ነጩም ገበታውን ተመልክቶ መሸነፉን አመነ።

የነጩ ሠራዊት በዚያች ሰዓት ንግሥት፣ ሁለት ግንብ፣ ሁለት ፊል፣ አንድ ፈረስና አምስት እግረኛ ነበረ። የጥቁሩ ንግሥት፣ ሁለት ግንብ፣ ሁለት ፊልና ሰባት እግረኛ ነበረ፤ ፈረስ አልነበረውም። ነጩ ንጉሡ አልተያዘበትም፤ ስጋትም አልተጣለበትም። ነገር ግን ምን ያንቀሳቅስ? ፈረሱ በሚወጣባቸው ሁለት ቤቶች ላይ የጥቁሩ እግረኛ ይጠብቀዋል። ፊሉ ወደ ኋላ ቢመለስ ፈረሱ ጠባቂ ያጣል። ከንግሥቲቱ አጠገብ ያለው ግንብ ቢነሣ ንግሥቲቱ ትያዛለች። ንጉሡ ከማዕዘኑ ቢወጣ ያን ጊዜም ንግሥቲቱ ትጠፋለች። የንጉሡ ፊት እግረኛ ቢገፋ ለንጉሡ ሞት መንገድ ይከፈታል። ንግሥቲቱ ራሷ ወዴትም ብትሄድ ትበላለች። በዳርና በዳር ጥቂት የእግረኛ እርምጃዎች ቢቀሩትም ቶሎ የሚያልቁ ነበሩ። በዴንማርክ የሰንጠረዥ ወዳጆች ዘንድ ጨዋታው «የማይሞተው የግዴታ ጨዋታ» ተብሎ ተጠራ። ስሙ በትክክል ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብለው የተከራከሩ ሊቃውንትም አሉ፤ ነገር ግን ክርክሩ ለስሙ እንጂ ነጩ በዚያች ሰዓት ስላጣው ነጻነት አይደለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሷል። ዜሚሽ በ26ኛው ተራ ላይ ክፉ ከማድረግ በቀር ምን ምርጫ ነበረው? አልነበረውም። ስለዚህ በዚያች ተራ ላይ ሊወቅሰው የሚችል የለም። ነገር ግን ውድቀቱ የተሠራው በዚያች ተራ ነውን? አይደለም። ውድቀቱ የተሠራው ምርጫው ሰፊ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ንግሥቲቱ ስትሄድና ስትመለስ፣ ንጉሡ ያለ ጭንቅ ወደ ዳር ሲዛወር፣ ግንቡ ከንጉሡ ጎን ሲጠጋ፣ በመጨረሻም ትርፍ የሚመስለው ፈረስ ሲበላ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው። የተበደረው ቀን ደስ ያሰኛል፤ የሚከፈልበት ቀን ያስለቅሳል። አልቃሹም የሚያለቅሰው በመክፈያው ቀን ስለሆነ፣ ክፋቱ ሁሉ ያን ቀን የተፈጠረ ይመስለዋል።

ስለዚህ «ተገድጄ ነው» የሚለው ቃል ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። ግዴታ በሩን ዘግቶ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ደረጃ በደረጃ ጠርቶ ያስገባው ነው። እውነትን የደበቀው ሹም በመጨረሻው ቀን እውነት መናገር ቤቱን እንደሚያፈርስበት አያጠራጥርም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት አንድ ትንሽ ውሸት ያለ ጭንቅ ተናግሮ ነበር፤ ያን ለመሸፈን ሌላ ጨመረ፤ ሁለቱን ለመጠበቅ ወዳጆቹን በዙሪያው አቆመ። የመጨረሻው ግዴታ የነጻነቱ ቀኖች ድምር ነው። ሰው ነጻነቱን በአንድ ቀን አያጣም፤ በየተራው አንዲት አንዲት ቤት እየሰጠ ይጨርሰዋል።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ማቆም ለጨካኝ ዳኛ መሣሪያ መስጠት ይሆናል። «የደረሰብህ ሁሉ የእጅህ ሥራ ነው» የሚል ፍርድ ለእውነት ግማሽ ነው። በገበታው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩና። የጥቁሩ መሪ የመጨረሻ እርምጃ እንደ ጥሩ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ አንዲት እግረኛ አንዲት ቤት ተገፋች የሚል ነው፤ ከዚህ የሚያንስ፣ ከዚህም የሚየዋህ ሥራ የለም። ወርቁ ግን «ዙሪያህን ከብቤ ጨርሻለሁ፤ አሁን በገዛ እጅህ ሙት» የሚል ነው። ሰሙን ብቻ የሚያይ ሰው ጥቁሩ ምንም አላደረገም ይላል፤ ወርቁን የሚያይ ግን ሁሉን ያደረገው እርሱ እንደ ሆነ ያውቃል።

በጨዋታ ይህ ነቀፋ የለበትም። ሁለቱ እኩል ሠራዊት ይዘው፣ አንዱን ሕግ አውቀው፣ ወደው ተቀምጠዋል፤ የተሸነፈውም ነገ በሌላ ገበታ ይቀመጣል። በኑሮ ግን ይህን ጥበብ ሰው በሰው ላይ ሲሠራበት ይታያል። አራጣ አበዳሪ የጎረቤቱን የእርሻ ወራት ጠብቆ ዘሩ ባለቀበት ሰዓት ያበድረዋል፤ መክፈያውን አዝመራው ሳይደርስ ያደርግበታል፤ ዋሱን ያስፈራራበታል፤ ሌላ የሚያበድረውን ሰው በወሬ ያርቅበታል። በመጨረሻ ባለዕዳው መሬቱን ለመስጠት ብዕር ሲይዝ አበዳሪው እጁን አጣምሮ ይቀመጥና «እኔ ምን አደረግሁት? በገዛ ፈቃዱ ፈረመ» ይላል። እውነት ነው፤ በዚያች ሰዓት ምንም አላደረገም። የቀረለትን ሁሉ አስቀድሞ አድርጎታልና። እንዲህ ያለው ሰው የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ለሚመለከት ዳኛ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ከዚህ የተነሣ በጉልበት ከሚቀማ ወንበዴ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው፤ ወንበዴው ተበዳዩን ንብረቱን ይነሣዋል፤ ይህ ግን ንብረቱን ነሥቶ ጥፋቱንም ያሸክመዋል።

ስለዚህ ግዴታን የሚመዝን ዳኛ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ «አጥሩን ማን ሠራው?» የሚለውን። አጥሩን ባለግዴታው ራሱ በነጻነቱ ቀን የሠራው ከሆነ፣ ግዴታው የመጨረሻውን ሥራ ቢያቀልለትም የመጀመሪያውን አይሽርለትም። አጥሩን ሌላ ሰው የሠራበት ከሆነ ግን በደሉ ወደ ሠሪው ይመለሳል፤ የሠሪው እጅ በመጨረሻው ቀን ያልተንቀሳቀሰች መሆኗም አያድነውም። ሁለቱ ተባብረው የሠሩት ከሆነ፣ እንደ አብዛኛው የሰው ነገር ማለት ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጋሬጣ ይቈጥራል። ይህ ፍርድ ከባድ ነው፤ የአንድ ቀን ምስክር አይበቃውምና። ነገር ግን ከዚህ የሚቀልል ፍርድ ሁሉ ወይ ደካማውን ያለ ጥፋቱ ይቀጣል፣ ወይ ተንኰለኛውን ያለ ቅጣት ያሰናብታል።

አንድ ሰው ተነሥቶ «መራመድ ዕዳ ከሆነ፣ እንግዲያው የሚሻለው አለመራመድ ነው፤ እጁን የሰበሰበ አይሳሳትም» ይል ይሆናል። ለዚህም መልሱ ከዚያው ከተሸነፈው ሰው ታሪክ ይገኛል። በሊቃውንት ውድድር እያንዳንዱ ተጫዋች የተመደበለት ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ ካለቀበት ገበታው ምንም ቢያምር ተሸናፊ ነው። ዜሚሽ ከእርምጃዎች ሁሉ የተሻለውን ሲፈልግ ሰዓት የሚያልቅበት ሰው በመሆን የታወቀ ነበር። በ1969 ከሰባ ዓመት በላይ ሽማግሌ ሆኖ በስዊድን በሊንሾፒንግ ከተማ በተደረገ ውድድር 13 ጨዋታ ተጫወተ፤ 13ቱንም በሰዓት ማለቅ ተሸነፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1975 ሞተ። በጕልማስነቱ ተራው ስለ ደረሰበት የተሸነፈው ሰው፣ በሽምግልናው ተራውን ባለመጠቀሙ ተሸነፈ። አለመምረጥም ምርጫ ነው፤ የሚለየው ለባለቤቱ የሚመርጥለት ሌላ መሆኑ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያው ሰንጠረጅ ሥርዓት እዚህ ላይ የሚያስተምረው አለ። ወረራው እስካለ ድረስ ሁሉ ይቻላል፤ የተሳሳተ አሰላለፍ ይታረማል፤ የተጋፋ ሠራዊት ይላቀቃል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ በተራ ይለካል። የሰው ኑሮም ወረራ አለው፤ ያልተማለበት፣ ያልተፈረመበት፣ ገና ማንም ያልተጎዳበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሰው የባልንጀራውን ዓይን አይቶ፣ የራሱን መቆሚያ መርምሮ፣ መውጫውን ሳይደፍን ቢሰለፍ፣ ተራ ሲመጣበት አይጨነቅም። ችግሩ ግን የወረራ ጊዜ ወረራ መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ኑሮ ከገበታ የሚበልጥበት ደግሞ አንድ ነገር አለ። በገበታ ላይ የተከበበ ሰው «ተሳስቻለሁና ሦስት እርምጃ ልመለስ» ቢል አይሰማለትም። በኑሮ ግን «በድያለሁ» ማለት፣ የወሰዱትን መመለስ፣ ባለዕዳን ቀን መጨመር ይቻላል። ይህም የተከበበው ብቻ ሳይሆን የከበበው ሰው ያለው ነጻነት ነው። በገበታ ፊት የተቀመጠው ጥቁር እግረኛውን ከመግፋት በቀር ሌላ ሥራ የለበትም፤ ማሸነፍ ግዴታው ነውና። በጎረቤቱ ፊት የተቀመጠው አበዳሪ ግን አንዲት ቤት ሊከፍትለት ይችላል። ሊከፍት እየቻለ የዘጋ ሰው ደግሞ፣ በሚጠየቅበት ቀን፣ «ተገድጄ ነው» ማለት አይችልም።